ቻርልስ ሃሌና የማንችስተር ኦርኬስትራ

ምንባብ

ኦርኬስትራ ማለት ልዩ ልዩ የሙዚቃ መሣሪያዎችን የሚጫወቱ ብዙ ሙዚቀኞች በአንድ መሪ ሥር ተሰብስበው አንድ የሙዚቃ ድርሰት የሚያሰሙበት ጓድ ነው። ከሙዚቀኞቹ አብዛኞቹ ቫዮሊንንና ቫዮሊንን የመሳሰሉ ባለ አውታር መሣሪያዎችን ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ ዋሽንትና ጥሩምባ፣ ልዩ ልዩ የትንፋሽ መሣሪያዎችንም ይነፋሉ፤ ከበስተኋላ ደግሞ ከበሮ መቺዎች ይቆማሉ። ቁጥራቸው 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 100 ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ሆኖ እንዲጫወት ረጅም ልምምድ ያስፈልገዋል። ልምምድ ጊዜን ይጠይቃል፤ የሙዚቀኛው ጊዜም ደመወዝ ይጠይቃል። ከዚህም የተነሣ በቀድሞው ዘመን በአውሮፓ ኦርኬስትራ ማቆም የሚችሉት በአብዛኛው ነገሥታትና መሳፍንት፣ ታላላቅ የኦፔራ ቤቶች፣ እንዲሁም ገንዘባቸውን በማኅበር ያዋጡ ሀብታሞች ነበሩ። በእጁ ሥራ የሚተዳደረው ሰው እንዲህ ያለውን ሙዚቃ የመስማት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር።

ከዚህ በታች የሕይወት ታሪኩ የሚነገረው ቻርልስ ሃሌ ይህ ጠባብ በር በአንዲት የፋብሪካ ከተማ ውስጥ ሰፋ ብሎ እንዲከፈት ያደረገ ሙዚቀኛ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓን አቆጣጠር የተከተሉ ናቸው።

ቻርልስ ሃሌ የተወለደው ኤፕሪል 11 ቀን 1819 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ ዌስትፋሊያ በሚባለው ግዛት ውስጥ በምትገኘው ሃገን በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ካርል ሃለ ነበር። አባቱ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወትና የከተማዋን ሙዚቀኞች የሚመራ ሰው ስለ ነበረ ሕፃኑ አፉን የፈታው በሙዚቃ መካከል ነው ማለት ይቻላል። ገና በ4 ዓመቱ በሕዝብ ፊት ፒያኖ ተጫወተ። 11 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወደ ሃገን የመጣ አንድ የኦፔራ ቡድን ትርኢት ሲያሳይ፣ የታመመውን አባቱን ተክቶ ኦርኬስትራውን መራ። አባቱ የልጁን ተሰጥዎ በሚገባ ያወቀ ቢሆንም እንደ መጫወቻ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ ሊያሳየው አልፈለገም፤ ይልቁንም በትዕግሥት እንዲማር አደረገው።

ሃሌ በ1835 ዓ.ም. ወደ ዳርምሽታት ከተማ ሄዶ የሙዚቃ ድርሰት ሥርዓትን ተማረ። በሚቀጥለው ዓመትም የ17 ዓመት ወጣት ሳለ ወደ ፓሪስ ተጓዘ። ፓሪስ በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሙዚቀኞች ሁሉ መናኸሪያ ነበረች። ፖላንዳዊው ሾፓን፣ ሃንጋሪያዊው ፍራንዝ ሊስትና ፈረንሣዊው በርሊዮዝ በዚያች ከተማ ይኖሩ ነበር። ወጣቱ ሃሌ የሾፓንን ፒያኖ በሰማ ጊዜ ገና ብዙ እንደሚቀረው ተረዳ፤ ስለዚህ ዝናን ከመሻት ይልቅ ጥናትን መረጠ። ከጊዜ በኋላ ከእነዚህ ታላላቅ ሰዎች ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ ከሁሉም በላይ ከበርሊዮዝ ጋር የነበረው ወዳጅነት ዘግይቶ ፍሬ አፈራ። ፈረንሣዮች የቤተ ሰቡን ስም በትክክል እንዲጠሩት በማሰብ በመጨረሻው ፊደል ላይ ምልክት ጨመረበት፤ ከዚያም ወዲህ ሃለ መባሉ ቀርቶ ሃሌ ተባለ። በ1841 ዓ.ም. ትዳር መሠረተ። የሚተዳደረውም የሀብታሞችን ልጆች ፒያኖ በማስተማርና ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በትናንሽ አዳራሾች ሙዚቃ በማሰማት ነበር።

ነገር ግን በፌብሩዋሪ 1848 ዓ.ም. በፓሪስ አብዮት ፈነዳ፤ ንጉሡም ከዙፋኑ ወርዶ ከአገር ተሰደደ። ለፒያኖ ትምህርት ገንዘብ ይከፍሉ የነበሩት ሀብታሞች ከተማዋን እየለቀቁ ሄዱ፤ የሙዚቃ አዳራሾቹም ባዶ ሆኑ። ሚስትና ልጆች የነበሩት ሃሌ በአንድ ጊዜ መተዳደሪያውን አጣ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ለንደን ሄደ። ይሁን እንጂ ለንደንም ከየአገሩ ሸሽተው በመጡ ሙዚቀኞች ተጨናንቃ ነበር። አንድ ወዳጁ የሆነ ነጋዴ ወደ ማንችስተር እንዲመጣ የጠራው በዚህ ጊዜ ነው። ሃሌ ግብዣውን ሲቀበል በማያውቃት ከተማ ውስጥ የቀረውን ዕድሜውን ሁሉ እንደሚያሳልፍ አላሰበም።

ማንችስተር በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፣ በዚያ ዘመን የጥጥ ከተማ የነበረች ናት። ጥጡ ከአሜሪካ በመርከብ ወደ ሊቨርፑል ወደብ ይመጣ ነበር፤ ከዚያም በባቡር ወደ ማንችስተርና ወደ አካባቢዋ ከተሞች ተጓጉዞ በእንፋሎት ኃይል በሚንቀሳቀሱ መኪናዎች ይፈተልና ይሸመን ነበር። በ1851 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ300,000 በላይ ነበር። ከየፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥላሸት የሕንፃዎቹን ግድግዳ አጥቁሮት ነበር። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ወጣቶች ነበሩ፤ በ1847 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የእነርሱን የሥራ ቀን በ10 ሰዓት እስኪወስን ድረስ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይሠሩ ነበር።

ይህ ሕዝብ ግን ሙዚቃን የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። የአካባቢው ሠራተኞች በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ በኅብረት መዘመርን ከአባቶቻቸው የወረሱ ነበሩ፤ የነሐስ ጥሩምባ ጓድም በየመንደሩ ነበራቸው። ያልነበራቸው ነገር የተሟላ ኦርኬስትራ የሚሰሙበት ሥፍራ ነው። በከተማዋ የነበረው ትልቁ የሙዚቃ ማኅበር ቀደም ባለው ምዕተ ዓመት ዋሽንት መንፋት በሚወዱ ሀብታሞች የተቋቋመ ሲሆን፣ አባላቱ 600 ያህል ነበሩ። ወደ ኮንሰርቱ የሚገቡት መዋጮ የከፈሉት አባላትና እንግዶቻቸው ብቻ ናቸው፤ አለባበሳቸውም የምሽት ልብስ መሆን ነበረበት። የጥጥ ፈታዩና የሸማኔው ቦታ ከዚያ አዳራሽ ውጭ ነበር።

በሌላ በኩል ሲታይ፣ አባላቱ ራሳቸው የሚሰሙት ሙዚቃ ደካማ ነበር። ሃሌ የማኅበሩን ኦርኬስትራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማ ጊዜ እጅግ ከማዘኑ የተነሣ ጓዙን ጠቅልሎ ለመመለስ አስቦ ነበር። ወዳጆቹ ግን ወደ ማንችስተር የጠሩት ይህንኑ ጉድለት እንዲያቃና መሆኑን ነግረው አስቀሩት። በዚያው በ1848 ዓ.ም. በኦገስት ወር በሕመም የተዳከመው ሾፓን ወደ ማንችስተር መጥቶ በዚሁ ማኅበር ኮንሰርት ላይ ተጫወተ፤ ረቂቅ ጨዋታው ግን በሰፊው አዳራሽ ውስጥ በሚገባ የተረዳው ሰው ጥቂት ነበር። የማኅበሩ መሪዎች በሚቀጥለው ዓመት ሃሌ ኦርኬስትራውን እንዲመራ በጠየቁት ጊዜ እርሱ አንድ ጽኑ ግዴታ አቀረበ። ይኸውም የነበረው ጓድ ፈርሶ፣ እርሱ ራሱ በሚመርጣቸው ሙዚቀኞች እንደገና እንዲቋቋም ነው። ጥያቄው ተፈቀደለት። ኦርኬስትራውም ከወር ወደ ወር እየተሻሻለ ሄደ። የአዳራሹ በር ግን እንደ ቀድሞው ለአባላት ብቻ የሚከፈት ሆኖ ቀረ።

የሃሌን ሕይወት የለወጠው ዓመት 1857 ነው። በዚያ ዓመት ከሜይ 5 እስከ ኦክቶበር 17 ቀን ድረስ በማንችስተር ታላቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ተደረገ። ከእንግሊዝ መኳንንትና ከሌሎችም ሰዎች የተሰበሰቡ ከ16,000 በላይ የጥበብ ሥራዎች በአንድ ትልቅ ጊዜያዊ ሕንፃ ውስጥ ለሕዝብ ታዩ። ኤግዚቢሽኑን የጎበኘው ሕዝብ 1.3 ሚሊዮን ያህል እንደ ነበር ተመዝግቧል። አዘጋጆቹ በየቀኑ ሙዚቃ እንዲሰማ ስለ ፈለጉ ኦርኬስትራ የማቋቋሙን ሥራ ለሃሌ ሰጡት። እርሱም የነበሩትን ሙዚቀኞች መሠረት በማድረግ፣ ከሌላ ከተማና ከባሕር ማዶም ጭምር ሌሎችን አስመጥቶ ሰፋ ያለ ኦርኬስትራ አቋቋመ።

ሃሌ በእነዚያ ስድስት ወራት ያየው ነገር ከልቡ አልጠፋም። ሥዕል ለማየት የመጡ ሠራተኞችና ቤተ ሰቦቻቸው የሙዚቃውን ድምፅ ሲሰሙ እየቆሙ ያዳምጡ ነበር። ከእነርሱም መካከል ሲምፎኒ የሚባለውን ረጅም የኦርኬስትራ ድርሰት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሺህ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ በዝምታ ተቀበሉት፤ ውሎ አድሮ ግን መውደዳቸው እየጨመረ ሄደ። ታላቅ ሙዚቃ ለተማረና ለከበረ ሰው ብቻ የተሠራ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሐሰት መሆኑን ሃሌ በዓይኑ አየ።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ግን ኦርኬስትራው ሊበተን ሆነ። ሙዚቀኞቹን የቀጠረው ኤግዚቢሽኑ ነበር፤ ኤግዚቢሽኑ ካበቃ ደግሞ ደመወዛቸውን የሚከፍል የለም። ስድስት ወር ሙሉ አብረው በመጫወት እርስ በርስ የተዋወቁ ሰዎች በየአቅጣጫው ሲሄዱ፣ የተገነባው ሁሉ ይፈርሳል። መንግሥት ወይም ማዘጋጃ ቤት የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ሃሌ ድፍረት የሚጠይቅ ውሳኔ አደረገ። ኪሳራው ቢመጣ በራሱ ላይ እንዲመጣ ወስኖ፣ ሙዚቀኞቹን በራሱ ስም ቀጠረና በየሳምንቱ ለሕዝብ ሁሉ ክፍት የሆነ ኮንሰርት ሊያሰማ ተነሣ።

ለዚህ የተመረጠው ሥፍራ በ1856 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው ፍሪ ትሬድ ሆል የተባለው የከተማዋ ትልቅ አዳራሽ ነው። አዳራሹ የተሠራበት ሜዳ በማንችስተር ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ሃሌ በተወለደበት በ1819 ዓ.ም. ለመብታቸው የተሰበሰቡ ሠራተኞች በፈረሰኛ ወታደሮች የተጨፈጨፉት በዚያ ሥፍራ ነው። የመጀመሪያው ኮንሰርት ጃንዩዋሪ 30 ቀን 1858 ዓ.ም. ተደረገ። ቦታቸው አስቀድሞ የተያዘላቸው ሰዎች ከፍ ያለ ዋጋ ከፈሉ፤ ቦታ ሳይዝ ለሚገባው ሰው ግን ዋጋው 1 የእንግሊዝ ሽልንግ ሆነ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ 1 ሽልንግም 12 ፔኒ ነበር። አንድ ሽልንግ ለፋብሪካ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ለድኆቹ ድኆች ከቶ የማይታሰብ ነበር። ሆኖም ሥራ ያለው ሰው ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ሊከፍለው ይችል ነበር። ዋናው ነገር ማንም ሰው አባልነት ሳይጠየቅ፣ የምሽት ልብስም ሳያስፈልገው ከሀብታሙ ጋር በአንድ አዳራሽ ገብቶ ያንኑ ሙዚቃ ለመስማት መቻሉ ነው።

መጀመሪያው ግን ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአዳራሹ ወንበሮች ብዙዎቹ ባዶ ስለ ነበሩ የሚገባው ገንዘብ የሙዚቀኞቹን ደመወዝ እንኳ አልሸፈነም። ኪሳራው ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተጠራቀመ ሄደ። ሃሌ ግን ሕዝቡ ሙዚቃውን ከለመደው እንደሚመጣ በኤግዚቢሽኑ ጊዜ አይቶ ስለ ነበረ ያቀደውን ሳይፈጽም ላለማቆም ቆረጠ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ወንበሮቹ እየሞሉ፣ ባለ አንድ ሽልንጉም ሥፍራ እየተጨናነቀ ሄደ። በኋለኞቹ ኮንሰርቶች የተገኘው ትርፍ የፊተኞቹን ኪሳራ እየከፈለ መጣ።

30ው ኮንሰርት ካለቀ በኋላ ሒሳቡን የያዙት ሰዎች የተገኘውን ትርፍ ለሃሌ አመጡለት። ያመጡለትም ገና ከማተሚያ የወጡ 10 ባለ ሦስት ፔኒ ሳንቲሞች ነበሩ። ጠቅላላው ትርፍ 30 ፔኒ፣ ማለት ለእያንዳንዱ ኮንሰርት 1 ፔኒ ብቻ መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የአንድ ክረምት ድካሙ ዋጋ ይህ መሆኑን ባየ ጊዜ ሥራውን በተወው ነበር። ሃሌ ግን ሒሳቡን ያነበበው በሌላ መንገድ ነው። አንድ ኦርኬስትራ ያለ ንጉሥ ስጦታና ያለ ከበርቴ ድጎማ፣ ከተራው ሕዝብ ጭምር በተሰበሰበ የመግቢያ ዋጋ ብቻ ሳይከስር ሊቆም እንደሚችል እነዚያ 10 ሳንቲሞች አረጋገጡ። ሁለተኛውን ዓመት ያለ ማመንታት ጀመረ። ከዚያም ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ37 ዓመታት የኦርኬስትራው የኮንሰርት ወራት ሳይቋረጥ ቀጠለ። ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ በመጥፋቱ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ሠራተኛው በረሃብ በተቸገረባቸው ዓመታት እንኳ ኮንሰርቱ አልቆመም።

የሃሌ ሥራ የተቃናው በድፍረት ብቻ ሳይሆን በዘዴም ነው። ሕዝቡ ያልለመደውን ከባድ ድርሰት በአንድ ጊዜ አልጫነበትም። በአንድ ምሽት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሲምፎኒ፣ ከታወቁ ኦፔራዎች የተወሰዱ ዜማዎችና አጫጭር ድርሰቶች ጎን ለጎን ይቀርቡ ነበር። እርሱ ራሱም የመሪነቱን ዘንግ አስቀምጦ በፒያኖው ፊት እየተቀመጠ ይጫወት ነበር። አድማጩ እየበሰለ ሲሄድ ፕሮግራሙም እየከበደ ሄደ። በኅብረት መዘመርን ከለመደው ከዚያው ሕዝብ የተውጣጣ መዘምራን ጓድ ከኦርኬስትራው ጋር ተቋቋመ፤ ስለዚህ ሕዝቡ አድማጭ ብቻ ሳይሆን የሥራው ተካፋይ ሆነ። በ1860 ዓ.ም. የግሉክ ኦፔራ በማንችስተር ተሰማ። የወጣትነት ወዳጁ በርሊዮዝ ካረፈ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. የእርሱ ታላቅ ሲምፎኒ በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በለንደን ሳይሆን በዚህችው በጥጥ ከተማ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የቀረበው ስለ ፋውስት የደረሰው ድርሰቱ ሕዝቡን እጅግ ስላስደሰተ በተደጋጋሚ ተሰማ። ከዋና ከተማ መማር የለመደች የጠቅላይ ግዛት ከተማ በተራዋ ዋናውን ከተማ የምታስተምር ሆነች።

ሃሌ ሥራውን በማንችስተር ብቻ አልወሰነም። ኦርኬስትራውን በባቡር ይዞ ወደ ብራድፎርድ፣ ወደ ኤዲንብራና ወደ ሌሎችም ከተሞች እየሄደ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። በ1861 ዓ.ም. በለንደን የቤቶቨንን የፒያኖ ሶናታዎች በሙሉ በተከታታይ በመጫወቱ በእንግሊዝ አገር ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1866 ዓ.ም. ሞተች። ሴት ቫዮሊን ተጫዋች በመድረክ ላይ ማየት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን በኮንሰርቱ ላይ በተደጋጋሚ የተጫወተችውን ዝነኛዋን ቪልማ ኔሩዳን በ1888 ዓ.ም. አገባ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንግሥት የሰር ማዕረግ ሰጠችው። ከ70 ዓመቱ በኋላ እንኳ ከሚስቱ ጋር ሁለት ጊዜ ወደ አውስትራሊያ፣ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዞ ተጫወተ።

በሥራው ውስጥ ግን አንድ ጉድለት እንደ ነበረ ሃሌ ያውቅ ነበር። ከኦርኬስትራው ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። የራሷን ሙዚቀኞች የማታፈራ ከተማ ኦርኬስትራዋን ለዘለቄታው ልትጠብቅ እንደማትችል በመገንዘቡ በማንችስተር የሙዚቃ ኮሌጅ እንዲከፈት ለብዙ ጊዜ ደከመ። ምኞቱም በ1893 ዓ.ም. ተፈጸመ። የማንችስተር የሙዚቃ ኮሌጅ በዚያ ዓመት በኦክቶበር ወር ሲከፈት የ74 ዓመቱ ሽማግሌ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ፤ ፒያኖም ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ኦክቶበር 25 ቀን 1895 ዓ.ም. በማንችስተር በድንገት ዐረፈ። የተቀበረውም ከማንችስተር አጠገብ ባለችው በሳልፎርድ ነው።

ሞቱ የሥራውን ሌላ ድክመት ገለጠው። ኦርኬስትራው ከመጀመሪያ ጀምሮ የአንድ ሰው ንብረት ነበር። ሙዚቀኞቹን የሚቀጥር፣ ፕሮግራሙን የሚያወጣ፣ ኪሳራውን የሚችል እርሱ ብቻ ነበር። ከዚህም በቀር ሙዚቀኞቹ የሚቀጠሩት ለክረምቱ የኮንሰርት ወራት ብቻ ስለ ነበር በበጋ ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረባቸው። መሪው ሲሞት ኦርኬስትራው ባለቤት አጣ። ያን ጊዜ ከሃሌ ወዳጆች ሦስቱ ኪሳራ ቢመጣ ከገንዘባቸው ለመክፈል ዋስ ሆነው ኮንሰርቱ እንዳይቋረጥ አደረጉ። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ ሥራውን የሚያስተዳድር ማኅበር በሕግ ተቋቋመ፤ የአንድ ሰው የነበረው የብዙዎች ሆነ። በዚያው ዓመት ሃንስ ሪክተር የተባለው ዝነኛ መሪ ኦርኬስትራውን ተረክቦ እስከ 1911 ዓ.ም. መራው።

ከዚያም በኋላ ፈተናው አላበቃም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1940 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፍሪ ትሬድ ሆል በጀርመን አውሮፕላን ቦምብ ተቃጠለ። በ1943 ዓ.ም. ጆን ባርቢሮሊ መሪ ሆኖ ሲመጣ ያገኛቸው ሙዚቀኞች ጥቂት ስለ ነበሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዳዲሶችን መርጦ ኦርኬስትራውን እንደገና አቆመው። አዳራሹም ታድሶ በ1951 ዓ.ም. ተከፈተ። ኦርኬስትራው በ1996 ዓ.ም. ወደ አዲስ አዳራሽ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም በሃሌ ስም ይጠራል። በሥሩም የወጣቶች ኦርኬስትራ፣ የወጣቶችና የሕፃናት መዘምራን ተቋቁመዋል።

ቻርልስ ሃሌ አዲስ ዜማ በመድረስ የታወቀ ሰው አይደለም። ከእርሱ ጋር በፓሪስ የነበሩት ሾፓንና በርሊዮዝ በድርሰታቸው ከእርሱ ይበልጥ ገነዋል። የእርሱ ሥራ ሌሎች የደረሱትን ለብዙ ሰው ጆሮ ማድረስ ነበር። ይህም በአንድ ታላቅ በዓል የሚፈጸም ሥራ አልሆነም። ኤግዚቢሽኑ በስድስት ወር ውስጥ ሚሊዮን ሰው ሰብስቦ ተዘጋ፤ ጊዜያዊ ሕንፃውም ፈረሰ። ለማንችስተር ሕዝብ የቀረው በየሳምንቱ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በአንድ ሽልንግ ዋጋ ለ37 ዓመት ያለ መሰልቸት የተደገመው ነው።

መልመጃ አንድ፦ ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃልና በጽሑፍ መልሱ።

1. ሃሌ ከፓሪስ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደው ለምንድን ነው?
2. ከ1858 ዓ.ም. በፊት የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች የኦርኬስትራ ሙዚቃ እንዳይሰሙ ያደረጓቸው ምክንያቶች ምን ምን ናቸው?
3. ሃሌ በኤግዚቢሽኑ ጊዜ ያየው ነገር በኋላ ላደረገው ውሳኔ ምን ያህል ረዳው?
4. የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ 30 ፔኒ ብቻ ሲሆን ሃሌ ሥራውን ያልተወው ስለ ምንድን ነው? በእናንተ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነበርን? ምክንያታችሁን አስረዱ።
5. ጸሐፊው በሃሌ ሥራ ውስጥ የታዩ ጉድለቶች ናቸው ያላቸውን ዘርዝሩ፤ እያንዳንዱ ጉድለት እንዴት እንደ ተቃና ግለጹ።

መልመጃ ሁለት፦ ቀጥሎ ያሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ትርጉም ከተናገራችሁ በኋላ እያንዳንዱን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

መናኸሪያ፣ ተሰጥዎ፣ አፉን ፈታ፣ መዋጮ፣ ጓዙን ጠቀለለ፣ ድጎማ፣ ዋስ ሆነ፣ ለዘለቄታው

መልመጃ ሦስት፦ በምንባቡ ውስጥ ይሁን እንጂ፣ ስለዚህ፣ ከዚህም የተነሣ፣ ይልቁንም፣ ሆኖም የሚሉትን ማያያዣዎች ፈልጉ። ከእነዚህ ውስጥ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙት የትኞቹ ናቸው? ተቃራኒ ሐሳቦችን የሚያያይዙትስ?

መልመጃ አራት፦ ድርሰት። በአካባቢያችሁ ይኖር የነበረና ዕውቀቱን ወይም ሙያውን ለብዙ ሰው ያካፈለ፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ አንድ ሰው ምረጡ። ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ታሪኩን ሁለት ገጽ በሚሆን ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁ የጊዜን ቅደም ተከተል የጠበቀ ይሁን፤ ሰውዬው የሠራውን መልካም ሥራ ብቻ ሳይሆን የገጠመውን ችግርና ሳይፈጽመው የቀረውን ጭምር ግለጹ። የሰውዬውን ንግግር ቃል በቃል ሳትጠቅሱ፣ ሥራው ራሱ ማንነቱን እንዲያሳይ አድርጉ።